ሞርሞኖች ቤተ መቅደስ መሥራት የማያቆሙት ለምንድን ነው? የአንድ ሒሳብ መርማሪ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ጋሼ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ኡበር ስለምሠራ በቀን አራት አምስቴ በ495 አውራ ጎዳና አልፋለሁ። ያ ባለ ስድስት ማማ ነጭ የሞርሞኖች ቤተ መቅደስ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ባለ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ባለፈው ከዩታ የመጣ ሰው አሳፍሬ ነበር። በየዓመቱ ብዙ አዳዲስ ቤተ መቅደሶች ይታወጃሉ አለኝ። እሑድ እሑድ ደግሞ ዝግ ናቸው አለኝ። እሑድ የሚዘጋ ቤት ይህን ያህል የሚገነባው ለምንድን ነው? ገንዘብ መደበቂያ ነው? የመሬት ንግድ ነው? ወይስ አባል እየቀነሰባቸው እንዳይታወቅባቸው ነው? እርስዎ የሃይማኖት ድርጅቶችን ሒሳብ ስለሚመረምሩ እስቲ ይንገሩኝ። እኛስ ገብተን ማየት እንችላለን?»

ወንድሜ፣ መጠርጠርህ ትክክል ነው። የጠረጠርከው ቦታ ግን ልክ አይመስለኝም። ሕንፃው ላይ ሳይሆን መዝገቡ ላይ ብትጠረጥር እኔም ካንተ ጋር ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ የደብሮችን፣ የጸሎት ቤቶችንና የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን መዝገብ ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። አንድ የሃይማኖት ድርጅት ለምን እንደሚገነባ ለማወቅ መጀመሪያ የማየው ሕንፃው ውስጥ ምን እንደሚሠራ ነው። ሒሳቡ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ከውስጥ ልጀምርልህ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። የድርጅቱ ሙሉ ስም የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን ነው። በ2018 የያኔው ፕሬዚዳንት ራስል ኔልሰን «ሞርሞን» የሚለው ቅጽል እንዲቀርና በሙሉ ስማቸው እንዲጠሩ ጠይቀዋል። እኔ ግን አንተ በጠየቅክበት ስም እቀጥላለሁ፤ አንባቢም በዚያ ስለሚያውቃቸው።

ሞርሞኖች ሁለት ዓይነት ቤት አላቸው። አንደኛው ተራው የጸሎት ቤታቸው ነው። በየሰፈሩ አለ። እሑድ የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። ማንም ሰው ገብቶ መቀመጥ ይችላል። ሁለተኛው ቤተ መቅደሱ ነው። እዚያ የእሑድ ስብከት የለም። እሑድ የሚዘጋውም ሁሉም ሰው በጸሎት ቤቱ ስለሚሆን ነው።

ለኛ ሰው ይህን ማስረዳት ከማንም ይልቅ ይቀላል። የኛ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብሎ ተከፍሏል። መቅደሱ ውስጥ ካህን እንጂ ምእመን አይገባም። እነሱ መቅደሱን ነቅለው ወስደው ለብቻው በሌላ ኮረብታ ላይ አቁመውታል ብለህ አስብ። ልዩነቱ እነሱ ዘንድ ፈቃድ ያለው ምእመን ሁሉ ይገባል። ሳይገባ ደግሞ የሃይማኖቱን ከፍተኛ ሥርዓት አይፈጽምም። ጋብቻን «ለዘለዓለም ማተም» የሚሉት እዚያ ብቻ ነው የሚፈጸመው። ኢንዳውመንት የሚባለው የቃል ኪዳን ሥርዓትም እንደዚያው። ለሙታን የሚደረገው ጥምቀትም እንደዚያው።

አንተ የምታየውን ቤተ መቅደስ እኔ ገብቼበታለሁ። በ1974 ተመርቆ ሲሠራ ቆይቶ በ2018 ለእድሳት ተዘጋ። በ2022 ከመመረቁ በፊት ለጥቂት ሳምንታት ለሕዝብ ተከፍቶ ነበር፤ ከባለቤቴ ጋር ሄድን። በር ላይ ምንጣፉ እንዳይቆሽሽ ጫማችን ላይ ነጭ የላስቲክ ሽፋን አደረጉልን። ከታች አንድ ትልቅ የጥምቀት ገንዳ አለ። ገንዳው የተቀመጠው በዐሥራ ሁለት በሬዎች ጀርባ ላይ ነው። ባለቤቴ ወዲያው አወቀችው። «የሰሎሞን ኩሬ!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈው የናስ ባሕር ነው። ከፍ ስትል ደግሞ ትንንሽ የጋብቻ ክፍሎች አሉ። መሐል ላይ በጨርቅ የተሸፈነ መንበር አለ፤ ሙሽሮቹ ግራና ቀኝ ተንበርክከው እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። በሁለቱ ግድግዳዎች ፊት ለፊት የሚተያዩ ትልልቅ መስተዋቶች ተሰቅለዋል። መሐሉ ላይ ስትቆም ምስልህ ወደ ውስጥ እየደጋገመ እያነሰ ይሄዳል፤ መጨረሻው አይታይህም። አስጎብኚዋ ሴትዮ «ዘለዓለም ማለት ይህ ነው» አለችን፤ ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት። የዚያች ሴት እምነት የምር ነበር። ስለ ገንዘቡ የምለውን ሁሉ ስታነብ ይህን እንድታስታውስልኝ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ «ለምን ይበዛል» እንምጣ። የሁሉም ነገር ቁልፍ ያ የጥምቀት ገንዳ ነው።

ጆሴፍ ስሚዝ ቤተ ክርስቲያኑን የመሠረተው በ1830 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ በ1836 በኦሃዮ፣ ከርትላንድ ተመረቀ። በዚያን ጊዜ የሙታን ጥምቀት የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ትምህርቱ የመጣው በ1840፣ ኢሊኖይ ውስጥ ናቩ በምትባለው ከተማቸው ሳሉ ነው። አንድ አባል ሞቶ ቀብር ላይ ስሚዝ ሲሰብክ፣ ሳይጠመቁ ለሞቱ ዘመዶቻችን እኛ ሕያዋን በእነሱ ፈንታ መጠመቅ እንችላለን አለ። የጠቀሰው 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥29ን ነው። ሰዉ ምን አደረገ? ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ ወረደ። ለእናቱ፣ ለአባቱ፣ ለሞተ ወንድሙ ወንዙ ውስጥ መጠመቅ ጀመረ። በ1841 ስሚዝ ይህን አስቆመ። ከእንግዲህ በቤተ መቅደስ ውስጥ ካልሆነ አይሆንም ተባለ። ገና ባላለቀው የናቩ ቤተ መቅደስ ምድር ቤት ውስጥ በእንጨት በሬዎች ላይ የተቀመጠ የእንጨት ገንዳ ተሠራ።

ያቺ ውሳኔ ብዙ ነገር ወስናለች። ወንዝ በየቦታው አለ፤ በነፃ ነው። ሥርዓቱ ከወንዝ ወጥቶ ቤት ውስጥ ሲገባ ግን ሃይማኖቱ ሕንፃ የግድ የሚያስፈልገው ሆነ።

ሁለተኛው ለውጥ በ1877 መጣ። በዩታ፣ ሴንት ጆርጅ ቤተ መቅደስ፣ ጥምቀት ብቻ ሳይሆን ኢንዳውመንቱም ለሙታን መደረግ ጀመረ። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ይህን ሥርዓት በዕድሜው አንዴ ፈጽሞ ይጨርስ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በየሄደበት ጊዜ ለሌላ አንድ ሟች ይፈጽማል። ሥራው ማለቂያ አጣ። የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች እስካሁን በምድር ላይ የኖረው ሰው ከ100 ቢሊዮን በላይ ነው ብለው ይገምታሉ። ለእያንዳንዱ ሟች በስሙ፣ አንድ በአንድ፣ አንድ ሕያው ሰው መቆም አለበት። ይህን የሚያምን ሕዝብ «ቤተ መቅደስ በቃን» የሚልበት ቀን የለም።

የዘር ሐረግ ሥራቸውም የመጣው ከዚሁ ነው። ከ1938 ጀምሮ የዓለምን የልደትና የጋብቻ መዝገቦች በማይክሮፊልም ሲያነሡ ኖረዋል። ዋናውን ቅጂ ያስቀመጡት ከሶልት ሌክ ሲቲ ወጣ ብሎ ባለ የግራናይት ድንጋይ ተራራ ሆድ ውስጥ ነው። እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥረው ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው። እነሱ የሚቆጥሩት ከቆጠራው የሚወጣውን ስም ሁሉ ወደ ገንዳው ለመውሰድ ነው። ይህ ሌላውን ያስቆጣበት ጊዜም አለ። በናዚ ጊዜ በተጨፈጨፉ አይሁዶች ስም ጥምቀት ተደርጎ ስለተገኘ በ1995 ከአይሁድ ድርጅቶች ጋር ስምምነት መፈረም ግድ ሆኖባቸዋል። ከዚያም በኋላ አልፎ አልፎ ስማቸው እየተገኘ ቅሬታው ቀጥሏል። ቅሬታው እውነተኛ ነው። በሞተ ሰው ስም ሳይፈቅድ ሥርዓት መፈጸም ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን ከያዝክ ርቀት ለምን እንደሚያስጨንቃቸው ይገባሃል። በአፍሪካ የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ የተከፈተው በ1985 ጆሃንስበርግ ነው። ሁለተኛው አክራ፣ በ2004። በመካከሉ ባሉት 19 ዓመታት አንድ የጋና ባልና ሚስት ጋብቻቸውን ለማተም ወደ ደቡብ አፍሪካ ወይም ወደ እንግሊዝ መሄድ ነበረባቸው። ፓስፖርቱን፣ ቪዛውን፣ የአውሮፕላኑን ዋጋ አስበው። ብዙው ሰው ሳይሄድ ይሞት ነበር። ከዚያ አባ በናይጄሪያ በ2005፣ ኪንሻሳ በ2019 ተከፈቱ። ወደኛ የቀረበው ናይሮቢ የተመረቀው በግንቦት 2025 ነው። ከዚያ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ አንድም አልነበረም። አዲስ አበባ ያሉት ጥቂት አባላት አሁን ኬንያ ይደርሳሉ፤ ቢያንስ ጎረቤት አገር ነው። ከጥርጣሬ በፊት ይህ መነገር አለበት።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

«ገንዘብ መደበቂያ ነው?» ላልከው፣ አይመስለኝም። ገንዘብ መደበቅ የሚፈልግ ድርጅት ድንጋይ አይከምርም። ሕንፃ ይታያል፤ ፈቃድ ይጠየቅበታል፤ ጎረቤት ይከራከርበታል። ደግሞም ቤተ መቅደስ በሒሳብ ቋንቋ ገቢ የማያመጣ ንብረት ነው። መግቢያ አይከፈልም። የሙዳየ ምጽዋት ሳጥን አይዞርም። ለሠርግ አይከራይም። መብራት፣ ማሞቂያ፣ አትክልተኛ፣ ጥበቃ፣ ጥገና ግን አለው። በ1893 የተመረቀው የሶልት ሌኩ ቤተ መቅደስ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ዝግ ነው፤ ከሥሩ እየተቆፈረ የመሬት መንቀጥቀጥ መከላከያ እየተገጠመለት ነው። እንዲህ ያለውን ወጪ የምታወጣው ገንዘብ ለመሸሸግ አይደለም። አንድ ስሙን የማልጠራው ደብር አውቃለሁ፤ ትልቅ ሕንፃ በብድር ገዝቶ ሁለተኛው ክረምት ላይ የማሞቂያውን መክፈል አቃተው። ሕንፃ እንዴት እንደሚበላ በዓይኔ አይቻለሁ።

ገንዘቡ የተደበቀው ሌላ ቦታ ነው። ይህን በደንብ ስማኝ፤ በመዝገብ የተረጋገጠ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ኢንሳይን ፒክ የሚባል የኢንቨስትመንት ድርጅት አለው። በ2019 መጨረሻ አንድ የቀድሞ ሠራተኛ፣ የተከማቸው 100 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል፣ ለበጎ ሥራ ግን አይወጣም ብሎ ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት አቤቱታ አቀረበ። በየካቲት 2023 ደግሞ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ቅጣት ጣለ። ጥፋቱ ምን ነበር? በአሜሪካ ሕግ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አክሲዮን የሚያስተዳድር ሁሉ የያዘውን በየሦስት ወሩ በቅጽ ማሳወቅ አለበት። እነሱ 13 የስም ብቻ ኩባንያዎች አቋቁመው ቅጹን በእነዚያ ስም ያስገቡ ነበር። ምክንያቱም ሰው የሀብቱን ስፋት አንድ ላይ እንዳያይ ነው። በ2018 በዚህ መንገድ የተሸፈነው አክሲዮን 32 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። ድርጅቱ 4 ሚሊዮን፣ ቤተ ክርስቲያኑ 1 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ጉዳዩ ተዘጋ።

ወንድሜ፣ እኔን በሙያዬ የሚያመኝ ይህ ነው። ያ የዩታ ሰው ደመወዙን ሲቀበል ከዐሥር አንዱን ይሰጣል። ተራ አባል ነው፤ ምናልባት ቤት ኪራይ ይቸግረዋል። የሰጠው ገንዘብ የት እንደደረሰ እንዳያውቅ 13 ኩባንያ ይቋቋማል? አሥራት የሚሰጥ ሰው ሒሳብ የመጠየቅ መብት አለው። ለኛም ደብሮች የምለው ይህንኑ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ተራ የበጎ አድራጎት ድርጅት በየዓመቱ 990 የሚባል ቅጽ ሞልቶ ሒሳቡን ለሕዝብ ክፍት ያደርጋል። ቤተ ክርስቲያኖች ከዚህ ነፃ ናቸው፤ የኛዎቹም ጭምር። ሞርሞኖች እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ወጪያቸውን በጉባኤ ላይ ለአባላት ያነቡ ነበር፤ ከዚያ ዝርዝሩን ማተም አቆሙ። በእንግሊዝ አገር ግን ሕጉ ስለሚያስገድዳቸው የዚያን አገር ሒሳብ በየዓመቱ ያወጣሉ። መቻሉንስ ይችላሉ ማለት ነው። የአንድ ቤተ መቅደስ ዋጋ ስንት ነው ብትላቸው አይነግሩህም።

ታዲያ ገንዘቡና ሕንፃው ግንኙነት የላቸውም? አላቸው፤ ግን አንተ ባሰብከው በኩል አይደለም። ግንኙነቱ በር ላይ በምታሳየው የፈቃድ ወረቀት ነው።

ወደ ቤተ መቅደስ ለመግባት አንድ አባል መጀመሪያ ከአጥቢያው ኃላፊ፣ ቀጥሎ ከእሱ በላይ ካለው ኃላፊ ጋር ለብቻው ቁጭ ብሎ ይጠየቃል። ጥያቄዎቹ የተወሰኑ ናቸው፤ ታትመው ወጥተዋል። እምነቱን ይጠየቃል። የትዳር ታማኝነቱን ይጠየቃል። ከአልኮል፣ ከትንባሆ፣ ከሻይና ከቡና መራቁን ይጠየቃል፤ አዎ፣ ቡና የሚጠጣ ሰው ፈቃድ አያገኝም። እና አሥራቱን ሙሉ በሙሉ መክፈሉን ይጠየቃል። አዎ ካለ ወረቀቱ ይሰጠዋል፤ ሁለት ዓመት ይሠራል። ከዚያ እንደገና ይጠየቃል።

ተጠራጣሪዎቹ የሚሉት እንዲህ ነው፦ ቤተ መቅደሱ ሰፈርህ ሲመጣ ፈቃዱ ያስፈልግሃል፤ ፈቃዱ ሲያስፈልግህ አሥራቱን ትከፍላለህ። በዚህ አባባል ውስጥ እውነት አለ። ልጅህ ቤተ መቅደስ ውስጥ ስትዳር አንተ ፈቃድ ከሌለህ ሥነ ሥርዓቱን አታይም። ውጭ አትክልቱ ጋ ትቀመጣለህ። እናት ሳታይ ልጇ የተዳረችባቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። እስከ 2019 ድረስ አሜሪካ ውስጥ ሁሉም ዘመድ እንዲያይ ብለህ መጀመሪያ በማዘጋጃ ቤት ብትጋባ፣ ቤተ መቅደስ ለመግባት አንድ ዓመት መጠበቅ ነበረብህ። በ2019 ይህን ቀየሩት፤ ጥሩ አደረጉ። ግን ያ ሕግ ለዓመታት ስንት እናት አስለቅሷል።

የኔ ፍርድ ግን ለገንዘቡ ብለው አይገነቡም የሚል ነው። ሒሳቡን እንሥራው። የተከማቸው 100 ቢሊዮን ቢሆንና በዓመት 5 በመቶ ብቻ ቢያስገኝ 5 ቢሊዮን ዶላር ነው። ይህን የያዘ ድርጅት የኪንሻሳን አባላት አሥራት ፈልጎ እዚያ ቤተ መቅደስ አይተክልም። የሚፈልገው ሰውየውን ራሱን ነው። በየሁለት ዓመቱ የሚጠየቅ፣ በየወሩ ለሟች ዘመዱ ሥርዓት ሊፈጽም የሚሄድ ሰው በቀላሉ አይለቅም። ቅርብ ያለ ቤተ መቅደስ ሰው ማቆያ ነው። አሥራቱ አብሮ ይመጣል።

የመሬት ንግድ ላልከው አጭር መልስ አለኝ። ቤተ ክርስቲያኑ በአሜሪካ ካሉ ትልልቅ ባለ መሬቶች አንዱ ነው፤ ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ አጠገብ ሰፊ የከብት እርባታ አለው። በፊላዴልፊያ በ2016 ከተመረቀው ቤተ መቅደስ ጎን የአፓርታማ ፎቅ ሠርቷል። በዩታ፣ ቱዊላ ሸለቆ ደግሞ በቤተ መቅደሱ ዙሪያ መኖሪያ መንደር ሊሠራ ሲል፣ የአካባቢው ሰው በፊርማ ተቃወመ። ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ የራሱ አባላት ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑ እቅዱን ትቶ ቤተ መቅደሱን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረው። ስለዚህ የመሬት ጥቅም የሚታይበት ቦታ አለ። ግን አብዛኞቹ ቤተ መቅደሶች ዙሪያቸው ሣርና መኪና ማቆሚያ ብቻ ነው።

በጣም የወደድኩት ሦስተኛውን ጥያቄህን ነው። በመዝገብ አባሉ አልቀነሰም፤ ግን ከአባሉ ይልቅ ቤተ መቅደሱ ቶሎ የሚበዛው ለምንድን ነው? በ1997 መጨረሻ 10 ሚሊዮን አባላትና 51 ቤተ መቅደሶች ነበሯቸው። በ2024 መጨረሻ በመዝገባቸው 17.5 ሚሊዮን አባላትና ከ200 በላይ ቤተ መቅደሶች ሆኑ። አባሉ እጥፍ እንኳ ሳይሆን ቤተ መቅደሱ አራት እጥፍ ሆነ። ያውም 17.5 ሚሊዮኑ በወረቀት ነው፤ ተጠምቆ ከዚያ የጠፋውም ይቆጠራል። እሑድ ስንት ሰው እንደሚመጣ አያትሙም።

ታዲያ ቁጥሩ ለታይታ ነው? በከፊል ይመስለኛል። ግን ሁለት ነገር አስገባበት።

አንደኛው መጠን ነው። በ1997 ፕሬዚዳንት የነበሩት ጎርደን ሂንክሊ ትንንሽ ቤተ መቅደሶች እንሥራ አሉ። በ1998 ደግሞ እስከ 2000 ድረስ 100 እናደርሳለን ብለው አወጁ፤ ቦስተን ላይ ሞላላቸው። ከእነዚያ ብዙዎቹ 10 ሺህ ስኩዌር ፊት ገደማ ናቸው። አንተ የምታየው ከ150 ሺህ ይበልጣል። አንዱ ያንተ ዐሥራ አምስቱን ይውጣል ማለት ነው። በሞንታና፣ ሄሌና ያለው ደግሞ በፋብሪካ በክፍል በክፍል ተሠርቶ በመኪና መጥቶ የተገጣጠመ ነው። ቁጥሩን ስትሰማ ሁሉንም የ495ቱን እያሰብክ ከሆነ ትሳሳታለህ።

ሁለተኛው ማወጅና መሥራት የተለያዩ መሆናቸው ነው። ራስል ኔልሰን ከ2018 እስከ 2025 ባሉት የሥልጣን ዓመታቸው 200 ቤተ መቅደሶች አወጁ። በየስድስት ወሩ በጉባኤው መጨረሻ ዝርዝሩን ሲያነቡ አዳራሹ በጉጉት ይጠብቅ ነበር። ስሙ የተጠራለት ከተማ ሰው ያለቅስ ነበር። ማወጅ ግን ወጪ የለውም። በ2018 ሩሲያ ውስጥ አንድ ቤተ መቅደስ ታወጀ፤ ከተማው እንኳ አልተገለጸም ነበር። በ2020 ሻንጋይ ታወጀ፤ የከተማው ባለሥልጣናት የምናውቀው ነገር የለም አሉ። በዚያው ዕለት ዱባይም ታውጆ ነበር። እኔ እዚህ ላይ የአንድ ሽማግሌ መሪ ጥድፊያ አያለሁ። ጥሩ ቃል አላገኘሁለትም፤ ዘመኔ ሳያልፍ የሚል ነገር አለበት። ማስረጃ ብለህ የምትጠይቀኝ ከሆነ፣ ኔልሰን በ101 ዓመታቸው ባረፉ በቀናት ውስጥ፣ በጥቅምት 2025 ጉባኤ፣ ተተኪያቸው ዳለን ኦክስ ብዙ ቤተ መቅደሶች ገና በእቅድ ላይ ስለሆኑ አዲስ ማወጁን ቀዝቀዝ ማድረግ ይገባል አሉ። በዚያ ጉባኤ አንድም አልታወጀም። ሥርዓቱ ማለቂያ የለውም፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ግን ሰው ነው።

ማማዎቹ ያለ ልክ ይረዝማሉ የሚሉት ጠርጣሪዎችም ልክ ናቸው። በቴክሳስ፣ ፌርቪው በምትባል ትንሽ ከተማ ከ170 ጫማ በላይ ማማ እንሥራ ብለው ከነዋሪው ጋር ተካረሩ። የማማው ቁመት የእምነታችን አካል ነው የሚል ክርክር አነሡ። በመጨረሻ በሽምግልና ወደ 120 ጫማ ወርዶ በሚያዝያ 2025 ጸደቀ። ነገር ግን ሃዋይ ያለው የ1919ኙ ቤተ መቅደስ ማማ የለውም። ካናዳ ያለው የ1923ቱም የለውም። ፓሪስ አጠገብ ያለውም የለውም። ያለ ማማ ሙታን መጠመቅ ከቻሉ፣ ትንሽ ከተማን በጠበቃ ማስጨነቅ አያስፈልግም ነበር። ይህ ከጎረቤት ጋር የመኖር ጉዳይ ነው፤ እኔ ከነዋሪዎቹ ጋር ነኝ።

«ለድሃ አይሰጡም ወይ?» የሚል ሰውም አለ። ይሰጣሉ። እኛ ይህን ማስታወስ አለብን። በጥር 1985 በኛ አገር ረሃብ ጊዜ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ አባላት አንድ ቀን ጾመው የምግባቸውን ዋጋ ሰጡ። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። የዛሬው ዓለም አቀፍ የእርዳታ ክፍላቸው የተነሣው ከዚያ ጾም ነው። ለ2024 በእርዳታ 1.45 ቢሊዮን ዶላር አውጥተናል ብለዋል። ቁጥሩ ትልቅ ነው። ግን ምን ምን እንደተደመረበት በዝርዝር አይታይም፤ እኔ ደግሞ ያልተዘረዘረ ድምር ላይ አልፈርምም።

እንግዲህ ከጠየቅከኝ፣ ለምን እንደሚገነቡ ያመኑበት ምክንያት አላቸው፤ ገንዘቡም ስላለ ይችላሉ። እኔ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ የእያንዳንዱን ቤተ መቅደስ ዋጋና የመጠባበቂያውን ጠቅላላ መጠን ለሰጪዎቹ አሳዩ።

የመጨረሻው ጥያቄህ መግባት እንችላለን ወይ የሚል ነው። ዋናው ሕንፃ ከተመረቀ በኋላ አባል ላልሆነ ሰው ዝግ ነው። ጎኑ ያለው የጎብኝዎች ማዕከል ግን ክፍት ነው፤ ነፃ ነው። በፈረንጅ ገና ሰሞን ግቢውን በመብራት ያስጌጡታል፤ ልጆች ካሉህ ውሰዳቸው። አዲስ ወይም የታደሰ ቤተ መቅደስ ከመመረቁ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ለሕዝብ ይከፈታል። የሶልት ሌኩ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት 2027 እንደሚከፈት ተነግሯል። ከሄድክ የመስተዋቱ ክፍል ውስጥ ትንሽ ቆይ። ስትወጣ ደግሞ አስጎብኚውን በትሕትና «ይህ ቤት ስንት ወጣበት?» ብለህ ጠይቀው፤ ምን እንደመለሰልህ ጻፍልኝ።